ግድግዳና የማይታየው ጨረር

ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ግድግዳው ሲያስብ ብርድን፥ ዝናብን፥ ሌባንና የመንገደኛን ዓይን እንዲከልልለት ያስባል እንጂ ጨረርን እንዲመልስለት አያስብም። ይህም የሚያስወቅሰው አይደለም። ጨረር በዓይን አይታይም፤ አይሸትም፤ ድምፅ የለውም፤ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍም አይታወቅም። ይሁን እንጂ የራጅ ክፍል በየከተማው ስለሚሠራ፥ ድንጋይ፥ ጡብና አርማታ ጨረርን ምን ያህል ሊቀንሱ እንደሚችሉ ማወቅ የሐኪሞችና የመሐንዲሶች ዕውቀት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። በሕንፃ መረከቢያ ሰነድ ላይ ስሙን የሚያኖር ሹም ሁሉ ፍሬ ነገሩን ቢያውቅ ለራሱም ለሕዝቡም ይበጃል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፥ በቅድሚያ እርሱን እናወጋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ አዲስ የታነጸ የሕክምና ቤት እንዲረከብ በተሰየመ ኮሚቴ ውስጥ አባል ሆነን ተላክን። ሕንፃው ሲያዩት ያምራል። ግድግዳው በነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ በሮቹ ሳይጮኹ ይከፈታሉ፤ ቧንቧው ውሃ ያወርዳል። የተቋራጩ ወኪል ፈገግታ የማይለየው ሰው ነበረና ከክፍል ወደ ክፍል እየመራ አስጎበኘን። እኛም በእጃችን የያዝነውን ዝርዝር እየተመለከትን መስኮቱን ቈጠርን፤ ቁልፉን ቈጠርን፤ መብራቱን አብርተን አጠፋን። በመጨረሻ የራጅ መሣሪያ ከሚተከልበት ክፍል ደረስን። በፕላኑ ላይ «20 ሴንቲሜትር ብሎኬት፤ ክፍቱ በአርማታ የተሞላ» የሚል ተጽፏል። ግድግዳው ቀጥ ያለ፥ ልስኑም የተስተካከለ ስለ ነበረ፥ ብዕራችንን ከኪሳችን አውጥተን ልንፈርም ተዘጋጀን።

በዚያ ጊዜ በራጅ ሥራ ላይ የተመደቡ አንዲት ወይዘሮ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። «ጌታዬ፥ ከመፈረምዎ በፊት እስቲ ይህን ያዳምጡልኝ» አሉና በያዙት ቁልፍ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉት። ግድግዳው እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ቀጥለውም የሕንፃው ዓምድ ወዳለበት ማዕዘን ሄደው እንደዚያው አደረጉ፤ በዚያ የተሰማው ድምፅ ግን የታፈነና አጭር ነበር። ወኪሉም «ሲሚንቶው እኮ ጥሩ ነው፤ ልስኑም ሁለት ጊዜ ተደርጎለታል» ሲል መለሰ። ወይዘሮዋም «ልስኑ ለዓይን ነው፤ ጨረሩ ግን ዓይን የለውም» አሉት።

ከዚህ በኋላ ግድግዳው በአንድ ቦታ እንዲበሳ አዘዝን። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከግድግዳው ማዶ ምን እንዳለ ለማየት ወጣ ብንል፥ በኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተዘርግቶ አገኘን። ይህም እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ነው። ሰነዱን ሳንፈርም ተመለስን፤ ግድግዳውም ፈርሶ እንደ ገና እንዲሠራ ተደረገ። እኛ ግን በመንገድ ላይ ሳለን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነበር። ያች ወይዘሮ በዚያ ባይገኙ ኖሮ ፈርመን እንሄድ ነበር። ቁልፍ መቍጠር እናውቃለን፤ ግድግዳው ምን እንደሚሠራ ግን አናውቅም ነበር። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ ስለዚህ ለመማር ተነሣን። የተማርነውንም ከዚህ በታች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ራጅ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጨረሮች ማለት ነው። ይህን ጨረር ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን በ1895 ዓ.ም. አገኘው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም.፥ ፈረንሳዊው ፖል ቪላር ከራዲየም የሚወጣ እጅግ ዘልቆ የሚገባ ጨረር አገኘ፤ በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ራዘርፎርድ «ጋማ» ብሎ ሰየመው። ጋማ በግሪክ ፊደል ሦስተኛው ነው፤ አልፋና ቤታ የተባሉ ሁለት ጨረሮች ቀደም ብለው ስለ ተሰየሙ ይህ ሦስተኛ ሆነ። የራጅ ጨረርና የጋማ ጨረር በባሕርያቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም እንደ ፀሐይ ብርሃን ያሉ፥ ነገር ግን እጅግ የበለጠ ኃይል ያላቸው ናቸው። የሚለያዩት በትውልዳቸው ነው። የጋማ ጨረር የሚወጣው ከአቶም እምብርት ሲሆን፥ የራጅ ጨረር የሚወጣው ከእምብርቱ ውጭ ካሉት ኤሌክትሮኖች ነው። ግድግዳ ግን የጨረርን ትውልድ አይጠይቅም፤ ኃይሉን ብቻ ይመለከታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብዙ ሰው ግድግዳ ጨረርን እንደ ኳስ መልሶ የሚወረውረው፥ ወይም ደግሞ ከተወሰነ ውፍረት በኋላ ፈጽሞ የሚያቆመው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ብዙ መንገደኞች በአንድ ጐዳና ሲጓዙ በየኬላው ይፈተሻሉ እንበል። በመጀመሪያው ኬላ ከመቶው መንገደኛ አምሳው ይያዛል፤ አምሳው ያልፋል። በሁለተኛው ኬላ ካለፉት አምሳ ሃያ አምስቱ ይያዛሉ። በሦስተኛው ከሃያ አምስቱ እኩሌታው ይያዛል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሳይያዝ ያለፈው መንገደኛ አልተጎዳም፤ አልደከመምም፤ እንደ ወጣ ሆኖ ይሄዳል። የቀነሰው የመንገደኛው ቍጥር እንጂ የእያንዳንዱ ጉልበት አይደለም። ጨረርም በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ እንዲሁ ነው። ቍጥሩን በእኩሌታ የሚቀንሰውን ውፍረት እኛ በዚህ ዓምድ «የማጋመሻ ውፍረት» ብለን እንጠራዋለን፤ ማጋመስ ማለት ለሁለት እኩል መክፈል ማለት ነውና።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። የማጋመሻው ውፍረት አሥር ጊዜ ሲደራረብ ከ1,024 ጨረር አንድ ብቻ ያልፋል፤ ሃያ ጊዜ ሲደራረብ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን አንድ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ከአንድ ግድግዳ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር መስረቅ ጥቂት ጥበቃ መስረቅ አይደለም። ከሃያው አሥሩን የሰረቀ ሰው ጥበቃውን በግማሽ ሳይሆን በሺህ እጅ ቀንሶታል።

ጨረሩ በድንጋይ ውስጥ የሚያዘው እንዴት ነው? ድንጋይ ምንም ቢጠነክር ከአቶሞች የተሠራ ነው፤ በአቶሞቹም ዙሪያ ኤሌክትሮኖች አሉ። ኃይሉ ዝቅተኛ የሆነ ጨረር ከአቶሙ ጋር ሲገናኝ ያለውን ኃይል ሁሉ ለአንድ ኤሌክትሮን አስረክቦ ይጠፋል። ይህ አንደኛው መንገድ ነው። ኃይሉ ከፍ ያለው ጨረር ደግሞ ከኤሌክትሮኑ ጋር ይጋጭና ከኃይሉ ከፊሉን አጥቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይበተናል። ይህን ሁለተኛ መንገድ በ1923 ዓ.ም. የገለጸው አሜሪካዊው አርተር ኮምፕተን ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ነገር ግን እጅግ ከፍተኛ ኃይል ላለው ጨረር ካልሆነ በቀር በድንጋይ ውስጥ ብዙ ስለማይታይ እናልፈዋለን።

በሁለተኛው መንገድ የተበተነው ጨረር በኬላው ተይዞ የቀረ ሳይሆን፥ ከገንዘቡ ከፊሉን ተቀምቶ በጥሻ ውስጥ የሚንከራተት መንገደኛን ይመስላል። አንዳንዱ በዚያው ሲቀር አንዳንዱ በሌላ በኩል ዞሮ ይወጣል። በዚህም ምክንያት መሐንዲሶች ቀላሉ ስሌት ከሚያወጣው ውፍረት ላይ ጨመር ያደርጋሉ። ለምሳሌ ሲዚየም 137 ከተባለው ንጥረ ነገር ለሚወጣው ጋማ ጨረር፥ በቀላሉ ስሌት 4 ሴንቲሜትር ያህል አርማታ ጨረሩን ያጋምሰዋል፤ የተበተነው ሲታሰብ ግን ወደ 5 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ይወስዳሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንገልጸው እኛን እጅግ ያስገረመን ነው። የድንጋይ ዓይነት ብዙ ነው። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ ግራናይት፥ የኖራ ድንጋይ፥ እብነ በረድ፥ የአሸዋ ድንጋይ፥ ሸክላ ጡብና ጭቃ ሁሉ መልካቸውም ዋጋቸውም የተለያየ ነው። ለሲዚየም ጋማ ጨረር ግን ሁሉም በሚዛን ላይ እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል። ከእነዚህ ከማናቸውም ቢሆን፥ በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 90 ኪሎ ያህል ክብደት ከቆመ ጨረሩ ይጋመሳል። ምክንያቱም ብዙው ሥራ የሚሠራው በሁለተኛው መንገድ ስለ ሆነ፥ የሚያስፈልገው የኤሌክትሮን ብዛት ነው። ድንጋይን የሚሠሩት ኦክስጅን፥ ሲሊኮን፥ አሉሚኒየምና ካልሲየም ደግሞ በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ የሚኖራቸው የኤሌክትሮን ብዛት ተቀራራቢ ነው። ውሃ ሃይድሮጅን ስላለበት 81 ኪሎ ይበቃዋል፤ ብረት 94 ኪሎ ያህል ይፈልጋል።

ስለዚህ ቀላል ስሌት አለ፤ አንባቢዎቻችን በወረቀት ላይ ሊሞክሩት ይችላሉ። የዕቃው አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ዕወቁ፤ ከዚያ 9ን ለዚያ ቍጥር አካፍሉ፤ የሚገኘው የማጋመሻው ውፍረት በሴንቲሜትር ነው። ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ 2.9 ግራም ያህል ስለሚመዝን 3.1 ሴንቲሜትር ይበቃል። ግራናይት 2.65 ስለሚመዝን 3.4 ይሆናል። አርማታ 2.3 ስለሚመዝን 3.9 ይሆናል። የደረቀ የጭቃ ጡብ 1.7 ያህል ስለሚመዝን 5.3 ይሆናል። በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን 0.7 ያህል ብቻ የሚመዝን ከሆነ ወደ 13 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። በካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው ኮባልት 60 ኃይሉ ከሲዚየም ስለሚበልጥ፥ ለእርሱ በ9 ፈንታ 12 ይወሰዳል። የድንጋዩ ውበት፥ ማብረቅረቁና ዋጋው በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የላቸውም።

በዚሁ ስሌት የምናውቃቸውን ቤቶች እንመዝናቸው። በደጋው የሚታየው የድሮ ህድሞ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ሲሆን፥ ግድግዳው ግማሽ ሜትር ውፍረት አለው ብንል ጨረሩን አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ያጋምሰዋል፤ ይህም ከአራት ሺህ አንዱን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን የሠሩት ስለ ጨረር አስበው ሳይሆን ስለ ብርድና ስለ ሙቀት አስበው ነው፤ ክብደቱ ግን ለሁለቱም አገለገለ። በእንጨትና በጭቃ የተሠራው ቤት ግድግዳው 15 ሴንቲሜትር ቢሆን ከአራቱ ጨረር አንዱን ያህል ያሳልፋል። የቆርቆሮ ግድግዳ ግን፥ ብረት ነው ተብሎ ቢታመንበትም፥ ስስ ስለ ሆነ ከመቶው ጨረር 98ቱን ያሳልፋል። ብረት መሆኑ አላዳነውም፤ ክብደት የለውምና።

ነገር ግን «ታዲያ እርሳስ ለምን ይፈለጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። (እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ሳይሆን ከባዱን ብረት ማለታችን ነው፤ በአማርኛ ሁለቱም አንድ ስም አላቸው።) መልሱ እንደ ጨረሩ ኃይል ይለያያል። ለሲዚየም ጋማ ጨረር እርሳስ በካሬ ሜትር 63 ኪሎ ያህል ስለሚበቃው ከድንጋይ የሚበልጠው በጥቂት ነው፤ ዋናው ጥቅሙ ቦታ አለመፍጀቱ ነው። ለራጅ ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ዝቅተኛ ኃይል ያለው ጨረር በአንደኛው መንገድ፥ ማለት ኃይሉን ሁሉ በማስረከብ፥ ይያዛል፤ በዚህ መንገድ ደግሞ ከባድ አቶም ያለው ንጥረ ነገር እጅግ ይበረታል። በሕክምና ራጅ ውስጥ ለሚገኝ መካከለኛ ጨረር የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ያህል ውፍረት ያለው እርሳስ የሚሠራውን ሥራ፥ አርማታ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ሆኖ ይሠራዋል። በዚሁ ምክንያት የራጅ ክፍል በር በእርሳስ ይለበጣል፤ ባሪየም የተባለው ከባድ ንጥረ ነገር ያለበት ባራይት የሚባለውም ድንጋይ ተፈጭቶ በልስን ወይም በአርማታ ውስጥ ይገባል። የኖራ ድንጋይም ካልሲየም ስላለበት ለዝቅተኛው ጨረር ከአሸዋ ድንጋይ የተሻለ ነው።

አሁን ወደዚያ ባዶ ብሎኬት እንመለስ። ለዚህ ዓይነት ጨረር የብሎኬቱ የማጋመሻ ውፍረት 1.25 ሴንቲሜትር ነው ብንል፥ በሚገባ የተሞላው 20 ሴንቲሜትር ግድግዳ ጨረሩን አሥራ ስድስት ጊዜ ያጋምሰዋል፤ ከ65,536 አንድ ያልፋል ማለት ነው። ባዶው ብሎኬት ግን በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት ግንቦች እያንዳንዳቸው 3 ሴንቲሜትር ቢሆኑ በድምሩ 6 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይህም አምስት ጊዜ ያህል ያጋምሰዋል፤ ከ32 አንድ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሺህ እጅ ነው። በውጭ ሲታዩ ግን አንድ ውፍረት፥ አንድ ልስን፥ አንድ ቀለም አላቸው። እኛ ልንፈርምበት የነበረው ይህ ነበር።

ግድግዳ ሲታመን ምን ያህል ሊከዳ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ታሪክ እንጨምር፤ ይህ የደረሰው በዩክሬን አገር ክራማቶርስክ በምትባል ከተማ ነው። ድንጋይ ጨረርን የሚይዝ በመሆኑ በድንጋይ ካባና በፋብሪካ ውስጥ ይህንኑ ጠባይ ለመለኪያ ይጠቀሙበታል። በአንድ ወገን ትንሽ የሲዚየም ቅንጣት ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን ጨረሩን የሚቈጥር መሣሪያ ይደረጋል፤ የሚያልፈው ጨረር ሲቀንስ በመካከሉ ብዙ ድንጋይ እንዳለ ይታወቃል። በመንገድ ሥራም አፈሩ በሚገባ መጠቅጠቁን በዚሁ ዘዴ ይመረምራሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በዚያ አገር ካለ አንድ የድንጋይ ካባ የመለኪያ መሣሪያ የሲዚየም ቅንጣት ጠፋች። ተፈለገች፤ አልተገኘችም። ከካባው የወጣው ጠጠር ግን ወደ ሕንፃ ሥራ መሄዱን ቀጠለ።

በ1980 ዓ.ም. በዚያች ከተማ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ተሠርቶ ሰዎች ገቡበት። ቅንጣቲቱ በሁለት ቤተ ሰቦች መኖሪያ መካከል በቆመው የአርማታ ግድግዳ ውስጥ ነበረች። የሚኖሩት ሰዎች መታመም ጀመሩ፤ ከእነርሱም ወጣቶች ነበሩ። ነገሩ የታወቀው በ1989 ዓ.ም. ጨረር በመሣሪያ ሲለካ ነው። እስከዚያ ድረስ አራት ሰዎች በደም ካንሰር ሞተው ነበር፤ አሥራ ሰባት ሌሎች ደግሞ ልዩ ልዩ መጠን ያለው ጨረር ደርሶባቸው ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አርማታው ሥራውን አልተወም፤ ሕጉን ጠብቆ ያጋምስ ነበር። ነገር ግን ጨረር አመንጪው ነገር በግድግዳው ውስጥ ሲሆን፥ በእርሱና በሰው መካከል የሚቆመው ውፍረት ጥቂት ይሆናል። ቅንጣቲቱ ከግድግዳው ፊት 4 ሴንቲሜትር ገባ ብላ ብትቀመጥ ጨረሩ የሚጋመሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜም ቢሆን ቶሎ አይደርስም። ሲዚየም 137 ኃይሉ በእኩሌታ የሚቀንሰው በ30 ዓመት ስለ ሆነ፥ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እንኳ ከመቶው 81 ያህሉ ይቀራል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የጠፋ መሣሪያ ሳይገኝ «ተፈልጎ ታጣ» ተብሎ መዝገብ አይዘጋም፤ ከጠፋበት ቦታ የሚወጣውም ጠጠር ሳይለካ ለቤት ሥራ አይሰጥም።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያስ የቤቴ ድንጋይ ራሱ ጨረር ይኖረው ይሆን?» ብሎ እንዳይጨነቅ አንድ ቃል እንጨምራለን። በእርግጥ ድንጋይ ሁሉ ፖታሲየም፥ ዩራኒየምና ቶሪየም ከተባሉት ጥቂት ጥቂት ስላለበት ከራሱ ትንሽ ጋማ ጨረር ያወጣል። ግራናይት ብዙውን ጊዜ ከኖራ ድንጋይ ይበልጣል፤ እንጨት ከሁሉም ያንሳል። ነገር ግን ድንጋዩ ራሱ ከራሱ የሚወጣውን ይይዘዋል። በአውሮፕላን ሆነው የምድርን ጨረር የሚለኩ ሰዎች የሚያዩት የላይኛውን ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በላዩ ባለው ድንጋይና አፈር ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ በተለመደው የድንጋይ ቤት መኖር የሚያስፈራ አይደለም፤ መስኮት እየከፈቱ አየር ማስገባት ግን ከመሬት የሚወጣውን ራዶን የተባለ ጋዝ ስለሚያስወግድ መልካም ልማድ ነው።

እንግዲህ የራጅ ወይም የጨረር ሕክምና ክፍል ለመረከብ የሚላክ ሹም ሊጠይቃቸው የሚገቡትን በአጭሩ እንጽፋለን።

1ኛ፤ ግድግዳው በውስጡ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ? ልስን ከመደረጉ በፊት ያየው ማነው? ፊርማውስ የት አለ?

2ኛ፤ ውፍረቱ ስንት ነው? አንዱ ኩብ ሜትር ስንት ኪሎ ይመዝናል? ውፍረት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ክብደትም ብቻውን መልስ አይሆንም።

3ኛ፤ ጥበቃው ሳይቋረጥ ይዞራል? የበሩ ጠርዝ፥ የመስኮቱ ዙሪያ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦና የቧንቧ ቀዳዳ ሁሉ መታየት አለባቸው። ኬላ በሌለበት ጐዳና መንገደኛ ሁሉ ያልፋልና።

4ኛ፤ መሣሪያው ከተተከለ በኋላ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጨረር በመለኪያ ተለክቷል? ውጤቱስ በጽሑፍ ቀርቧል? በእጅ ማንኳኳት ጥርጣሬን ያስነሣል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

5ኛ፤ ከግድግዳው ማዶ የሚቀመጠው ማነው? ይህን ጥያቄ በመጨረሻ ያደረግነው ትንሽ ስለ ሆነ አይደለም። ሌሎቹ አራቱ የሚጠየቁት ስለ እርሱ ነው።

ይህን ሁሉ መጠየቅ ከፊርማ በፊት ነው። ከፊርማ በኋላ የሚመጣ ምርመራ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ነው። ተቋራጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ኮሚቴው ይበተናል፤ ሰነዱ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። በአግዳሚው ወንበር ላይ የምትቀመጠው እናት ግን ግድግዳውን ልትመረምረው አትችልም፤ የምትመረምርበትም ምክንያት የላትም። አንድ ሰው አስቀድሞ መርምሮልኛል ብላ አምና ጀርባዋን ታስደግፍበታለች።

እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለርክክብ ስንሄድ ከብዕራችን ጋር አንድ ትልቅ ቁልፍ በኪሳችን እንይዛለን። ያች ወይዘሮ ያስተማሩን ነውና ለእርሳቸው ምስጋና ይድረስ።